መግሉ ከየት መጣ?

በዚህ እትም ስለ ተርም ማብቂያ ፈተና ልንጽፍ ወረቀታችንን አዘጋጅተን ነበር። ነገር ግን አንድ እሾህ መጣና ሐሳባችንን አስለወጠን።

እሾሁ ኬንያውያን ማቴንጌ የሚሉት፣ የሳይንስ መጻሕፍት ፕሮሶፒስ ብለው የሚጠሩት ዛፍ እሾህ ነው። እዚህ ካምፕ ውስጥ ያልተወጋ ሰው ቢኖር ትናንት የመጣ መሆን አለበት። ለማገዶ የምንፈልገው፣ ለአጥር የምናጥረው፣ ፍየሎቹም ፍሬውን የሚበሉት ይኸው ዛፍ ስለሆነ፣ እየወጋንም ቢሆን አብረነው እንኖራለን።

ከተማሪዎቻችን አንዱ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ በነጠላ ጫማ ኳስ ሲያሳድድ ይህንን እሾህ ረገጠ። እናቱ በመርፌ ነቅሳ አወጣችለት። ጫፉ ግን ውስጥ ተሰብሮ ቀርቶ ኖሯል። በማግስቱ እግሩ አበጠ፣ ቀላ፣ እንደ ምጣድ ጋለ። በጨው ውኃ ዘፈዘፈችለት። በሦስተኛው ቀን ልቧ አላስችል ሲላት ገበያ ወርዳ ከአንድ ሱቅ «የእብጠት ኪኒን» በወረቀት ተጠቅልሎ ገዛችለት። ሐኪም አላዘዘውም፣ ስሙም አልተጻፈበትም።

እኛ በዚያ ስናልፍ፣ «እትዬ፣ ልጁ እንዴት ሆነልሽ?» አልናት።

«ተመስገን መምህር! እብጠቱ እኮ ሟሸሸ። ኪኒኗን ብታያት ይህችን ታክላለች፤ ሥራዋ ግን ጉድ ነው!»

እኛም «እሰይ፣ ተስማማው ማለት ነው» ብለን አለፍን። የሳይንስ አስተማሪ ነን እኮ! ምን እንደዋጠ እንኳን አልጠየቅንም። ይህንን የምንጽፈው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ልጁ በትኩሳት ነደደ። ከእግሩ ወደ ጉልበቱ የሚወጣ ቀይ መስመር ታየ፤ ብሽሽቱ ላይ ሎሚ የሚያህል ንፍፊት ወጣበት። ተሸክመን ክሊኒክ ወሰድነው። ክሊኒካል ኦፊሰሩ ቁስሉን ከፍቶ መግሉን አፈሰሰ፣ የእሾሁን ጫፍ አወጣ፣ የጸረ ባክቴሪያ መርፌ ጀመረለት። ከዚያ ስለ ኪኒኑ ጠየቀ። እናትየዋ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የተረፈውን ሰጠችው። ዴክሳሜታሶን ነበር። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ፣ ኪኒኑ እብጠቱን አላዳነም፣ ለማዳን የሚመጡትን ሠራተኞች ነው መንገድ ላይ ያስቀረው፣ አለን።

ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስ የመጀመሪያ ጥያቄው «ቲቸር፣ ያ ሁሉ መግል ከየት መጣ? እሾሁ ውስጥ ነበር እንዴ?» የሚል ነበር። አንዷ «የተበላሸ ደም ነው» አለች። ሌላው «ቆሻሻው ነው፣ አያቴ እንዲህ ትላለች» አለ። እኛ ግማሽ መልስ ሰጥተን ደወሉ አዳነን። ሌላውን ግማሽ ለማግኘት ከመጻሕፍት ጋር ሁለት ሳምንት ቆየን።

መግል በብዛት የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች ክምችት ነው። ከእነሱም የሚበዙት ኒውትሮፊል የሚባሉት ናቸው። የአንዱ ስፋት ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ ብዙም አይበልጥም። የአጥንታችን መቅን በየቀኑ ወደ 100 ቢሊዮን ያህል ይሠራል፤ ዕድሜያቸው አጭር በመሆኑ እንዲህ ካልተሠሩ አይበቁም። ታዲያ የልጁ መቅን እነዚህን ሲሠራ እግሩ መወጋቱን አያውቅም። ደሙም በመላ ሰውነቱ ይዞራል፤ ከራስ ቅሉ እስከ እግር ጥፍሩ። በዚህ ሁሉ ጉዞ መካከል ሴሉ «መውረጃዬ ይኸው የቀኝ እግር ውስጠኛው ክፍል ነው» የሚለው በምን አውቆ ነው? ጥያቄው የልጅ ይመስላል እንጂ ሊቃውንቱን ከመቶ ዓመት በላይ ያደከመ ነው።

በ1867 እ.ኤ.አ. ዩልዩስ ኮንሃይም የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም የእንቁራሪትን ስስ ሥጋ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ደም ሥሩ ግድግዳ ተጠግተው፣ ተለጥፈው፣ በመጨረሻም ግድግዳውን አልፈው ሲወጡ አየ። በ1882 ደግሞ ኢልያ ሜችኒኮፍ የተባለው ሊቅ፣ በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የነበረው የፖለቲካ ውጥረት አስመርሮት ሥራውን ለቆ በጣሊያኗ መሲና ከተማ ባሕር ዳር ተቀምጦ ሳለ (ከአገር ርቆ መቀመጥም ለሥራ ይሆናል ማለት ነው) አንድ ነገር ሞከረ። እንደ መስታወት አሳልፈው የሚያሳዩ የኮከብ ዓሣ ጫጩቶችን እሾህ ወጋቸው። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከብበውታል። አያችሁ፣ እዚያም እሾህ ነው። በዚህ ሥራው በ1908 ከፓውል ኤርሊህ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ይሁን እንጂ ሴሎቹ እንደሚመጡ ማየትና በምን እንደሚመሩ ማወቅ የተለያየ ነው። ከጠሪዎቹ አንዱ ተለይቶ የታወቀው በ1987 ነው፤ ኢንተርሉኪን-8 ይባላል። በ1991 ጥሪውን የሚሰማው የሴሉ ክፍል ታወቀ። ከዚያም በ1992 የዘርፉ ሊቃውንት ለእነዚህ ጠሪዎች ሁሉ «ኬሞካይን» የሚል የወል ስም ሰጧቸው። ትርጉሙ በአጭሩ ሴልን የሚያንቀሳቅስ ኬሚካል እንደ ማለት ነው። የኛ ዕድሜ ሰዎች መምህራን ማሠልጠኛ ስንገባ እንኳን በደንብ ወደ መማሪያ መጽሐፍ ያልገባ ነገር ነበር፤ ባናውቀው ብዙ አይፈረድብንም።

አሁን ወደ ልጁ እግር እንመለስ።

የካምፓችን ቤቶች ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ያው ቆርቆሮ፣ ያው የጭቃ ግድግዳ። እንግዳ ሰው የብሎክ ቁጥር ሳይዝ ቢመጣ ሲዞር ይውላል። ቡና የሚቆላበትን ቤት ግን ማንም አያጣውም። ሽታው ከሩቅ ትንሽ ነው፤ ስትጠጋ ይበረታል፤ ካለፍከው ይቀንሳል፤ ትመለሳለህ። ኬሞካይንም እንደዚሁ ነው። እሾሁ ይዞት የገባውን ባክቴሪያ መጀመሪያ የሚያገኙት ከቆዳ ሥር ቋሚ ነዋሪ የሆኑ፣ ማክሮፋጅ የሚባሉ በላተኛ ሴሎች ናቸው። ባክቴሪያውን እንደነኩ ኬሞካይን መርጨት ይጀምራሉ። ቁስሉ ዘንድ ብዙ ነው፣ እየራቀ ሲሄድ ይሳሳል።

ከዚሁ ጋር በአካባቢው ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዲሰፉ የሚያደርጉ ሌሎች ኬሚካሎችም ይለቀቃሉ። ደም ስለሚበዛ ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል። ከደም ሥሩ ፈሳሽ ስለሚያሾልክ ያብጣል። ነርቮቹም ስለሚነኩ ያማል። እነዚህን አራት ምልክቶች ሮማዊው ሴልሰስ የዛሬ 2000 ዓመት ገደማ ጽፏቸዋል። እኛም ለተማሪዎቻችን በጣት እያስቆጠርን አስተምረናቸዋል። ችግሩ አራቱን እንደ በሽታ ማስተማራችን ነው። ለካ ብዙውን ጊዜ የሥራ ምልክት ናቸው።

ሽታ ብቻውን አይበቃም፤ አፍንጫ ያስፈልጋል። የሴሉ አፍንጫ ሪሴፕተር ይባላል፤ በአማርኛ «ተቀባይ» ብንለው ያስኬዳል። የሴሉን ቆዳ እንደ ጥልፍ ክር ሰባት ጊዜ ገባ ወጣ እያለ የሚሰፋ ፕሮቲን ነው። ውጪ የቀረው ጫፍ ኬሞካይኑን ይይዛል፤ ውስጥ ያለው ጫፍ ለሴሉ ወሬ ያቀብላል። ኒውትሮፊሉ ኢንተርሉኪን-8ን የሚያሸትባቸው ሁለት ተቀባዮች አሉት፤ ሲኤክስሲአር1 እና ሲኤክስሲአር2 ይባላሉ። ስማቸው የመኪና ታርጋ ይመስላል፤ የሥራ ስም ቢያወጡላቸው ኖሮ ለማስተማር በቀለለን።

እዚህ ላይ አንድ ተማሪያችን ጥሩ ነገር ጠየቀን፦ «ደም እንደ ወንዝ የሚፈስ ከሆነ ሽታውን አያጥበውም ወይ?» ልክ ነው፣ ያጥበው ነበር። ስለዚህ ኬሞካይኑ ደሙ ውስጥ ዝም ብሎ አይለቀቅም። በደም ሥሩ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ባሉ የስኳር ዘለላዎች ላይ ይለጠፋል፤ ልክ ማስታወቂያ በቦርድ ላይ እንደሚለጠፈው። ግድግዳው ራሱም ሰሌክቲን የሚባሉ መንጠቆ መሰል ነገሮችን ያወጣል። በደሙ ፍጥነት የሚበረው ኒውትሮፊል እነዚህ ጨበጥ ለቀቅ ሲያደርጉት ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ በግድግዳው ላይ እንደ ኳስ ይንከባለላል። ሲንከባለል የተለጠፈውን ኬሞካይን በተቀባዩ ይነካል። ያን ጊዜ በቅጽበት፣ ኢንተግሪን የሚባሉት የሴሉ የራሱ እጆች ይዘረጋሉ፤ ግድግዳውን ይጨብጥና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከዚያ ሰውነቱን እንደ ሊጥ አለስልሶ በሁለት የግድግዳ ሴሎች መካከል ይሾልካል። ውጪ ሲደርስ ሽታው ወደበረታበት አቅጣጫ ይሳባል፤ ተቀባዮቹ ይበልጥ የተያዙበት ጎኑ ፊቱ ይሆናል። ኮንሃይም በእንቁራሪቱ ላይ ያየው ይህንን ነበር።

ደርሶ ምን ያደርጋል? ባክቴሪያውን ይውጣል፣ ያቃጥላል፣ ራሱም እዚያው ይሞታል። መግል ይኸው ነው።

ጥሪው ለሁሉም አንድ አይደለም። በሰው ልጅ ውስጥ እስካሁን 50 ያህል ኬሞካይኖችና 20 ያህል ተቀባዮች ይታወቃሉ። የራሽን ካርድ እንደማለት ነው፤ የያዝከው ካርድ የምትሰለፍበትን መስመር ይወስናል። ኒውትሮፊሎች በመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ይመጣሉ። ሲሲአር2 የተባለውን ካርድ የያዙት ሞኖሳይቶች ዘግየት ብለው ደርሰው ወደ ማክሮፋጅነት ይለወጣሉ፤ ሬሳውንም የሚያነሱት እነሱ ናቸው። ከአለርጂና ከትላትል ጋር የሚሠሩት ኢዮሲኖፊሎች ደግሞ ሲሲአር3 ይዘው ይመጣሉ። አንዳንዱ ካርድ በብዙ መስመር ያስቆማል፣ አንዳንዱ መስመርም ብዙ ካርድ ይቀበላል፤ በዚህ በኩል ከኛው ሰልፍ ብዙም አይሻልም።

ንፍፊቱንም እንመልስ፤ እናትየዋን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነገጣት እሱ ነበርና። «እግሩን ተወግቶ ብሽሽቱ ለምን?» ትል ነበር። ቆዳችን ውስጥ ጠባቂ ሆነው የሚኖሩ፣ ቅርንጫፍ ያላቸው ዴንድሪቲክ የሚባሉ ሴሎች አሉ። ባክቴሪያ ሲያገኙ ቁራሹን ይይዙና አፍንጫቸውን ይለውጣሉ፤ ሲሲአር7 የተባለ ተቀባይ ያወጣሉ። ይህ ተቀባይ የሚያሸተው የቁስሉን ሽታ ሳይሆን ከንፍፊት ዕጢዎች የሚመጣውን ነው። ስለዚህ ከእግር ተነስተው የሊምፍ ፈሳሽ መተላለፊያዎችን ይዘው ወደ ብሽሽት ይሄዳሉ፤ እዚያ ለተቀመጡት ሌሎች ነጭ ሴሎች «የመጣው ጠላት ይህን ይመስላል» ብለው ያሳያሉ። የሚያውቁት ሴሎች መራባት ይጀምራሉ፣ ዕጢውም ያብጣል። ንፍፊትን ማሸት፣ መጭመቅ፣ በጋለ ነገር መተኮስ በሽታውን አያወጣም። መፈለግ ያለበት ከበታቹ ያለው ቁስል ነው።

ታዲያ ያቺ ትንሽ ኪኒን ምን አደረገች? ዴክሳሜታሶን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች ወገን ነው። ሴሎች ውስጥ ገብቶ፣ ኬሞካይንና የግድግዳውን መያዣዎች የሚያሠሩትን ትእዛዞች ያዘጋል። ጥሪው ዝም ይላል። ማስታወቂያው ከቦርዱ ይነሳል። ኒውትሮፊሎቹ አልጠፉም፤ እንዲያውም በዚህ መድኃኒት ጊዜ ደም ቢመረመር ቁጥራቸው ከወትሮው በዝቶ ይገኛል፤ ግድግዳውን ለቀው በደም ውስጥ ይዞራሉና። የሚፈለጉበት ቦታ ግን አይወርዱም። ስለዚህ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ልጁ ይስቃል፣ እናት ታመሰግናለች፣ አስተማሪው «እሰይ» ይላል፤ ባክቴሪያው ደግሞ ያለ ተቃዋሚ ይራባል።

መድኃኒቱን ግን መርገም አይገባም። አንዳንድ ጊዜ ጥሪው ራሱ ከልክ ያልፍና የሚመጡት ሴሎች ከበሽታው የበለጠ ያጠፋሉ። በኮቪድ ጊዜ፣ በ2020፣ በብሪታንያ በተደረገ ትልቅ ጥናት ሳንባቸው ተጎድቶ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን ሕሙማን ሞት የቀነሰው ይኸው ርካሽ ዴክሳሜታሶን ነው። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም። ለአስምና ለሌሎችም በሽታዎች የዚህ ወገን መድኃኒቶች በሐኪም ይታዘዛሉ። በሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ የምትወስዱ ካላችሁ ይህንን አንብባችሁ በድንገት እንዳታቆሙ፤ በድንገት ማቆሙም አደገኛ ነው። የኛ ጠብ ከወረቀት ጥቅልሉ ጋር ነው። ስም የሌለው ኪኒን፣ ስንት ቀን እንደሚወሰድ የማይነገርለት፣ ከሳሙናና ከሻይ ቅጠል ጋር በአንድ ጠረጴዛ የሚሸጥ።

ሴሎቹ ጨርሶ ባይደርሱ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ከጥቂት ያልታደሉ ሕፃናት ነው። በጣም አልፎ አልፎ፣ ኢንተግሪን የተባሉት እጆች ተበላሽተው የሚወለዱ ልጆች አሉ። የደማቸው ነጭ ሴል ብዙ ነው፣ ከደም ሥር መውጣት ግን አይችልም። እትብታቸው ቶሎ አይወድቅም፤ ቁስላቸው መግል አይዝም፣ ግን አይድንም። እናቶች «መግል ያልያዘ ቁስል ደግ ነው» ስንል እንዲህ ያለም አለና ተጠንቀቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ታሪክ እንለፍ፤ ይህኛው ለኛ አካባቢ ሰው ይበልጥ ይቀርባል። ከጎረቤቶቻችን አንድ ወጣት የደም ምርመራ ወረቀት ይዞ መጣ። «መምህር፣ ነጭ የደም ሴልህ አነስተኛ ነው ተባልኩ፤ ምንድን ነው እሱ?» አለን። ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም። የፈራውን ነገር ስሙን አልጠራውም፤ እኛም አልጠራነውም። ኋላ ሲመረመር ኤችአይቪ የለበትም። ሌላም በሽታ አልተገኘበትም። ቁጥሩ ግን በሁለተኛውም ጊዜ ያው ነው።

በቀይ የደም ሴሎቻችን ላይ ደፊ የሚባል ፕሮቲን አለ። ስሙን ያገኘው በ1950 በእንግሊዝ አገር ከተመረመረ አንድ ሕመምተኛ ነው። ብዙ ዘመን የደም ዓይነት መለያ ብቻ ይመስል ነበር። በ1993 ግን የኬሞካይን ተቀባይ ሆኖ ተገኘ። ጠባዩ ከሌሎቹ ለየት ይላል፤ ኬሞካይኑን ይይዛል እንጂ ለሴሉ ወሬ አያቀብልም። ቀይ ሴሎች በእሱ አማካይነት በደም ውስጥ የሚንሳፈፈውን ኬሞካይን ይሰበስባሉ፣ ያስቀምጣሉ።

በምዕራብ አፍሪካ ሰው ሁሉ ለማለት ይቻላል በቀይ ሴሉ ላይ ደፊ የለውም። ከአንዲት የጂን ፊደል ለውጥ የመጣ ነው። በደም ሥር ግድግዳ ላይ ያለው ደፊ አይነካም፣ ከቀይ ሴሉ ላይ ብቻ ይጠፋል። በኛ ቀንድ አካባቢ የተደባለቀ ነው፤ ያለውም የሌለውም ከአንድ ቤት ይወጣል። ይህ ለውጥ ከአባቱም ከእናቱም የደረሰው ሰው፣ በደሙ ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል። ብዙ ቤተ ሙከራዎች ዝቅተኛ የሚሉት በአንድ ማይክሮሊትር ከ1500 በታች ሲሆን ነው። ይህ ልክ የወጣው ግን በአብዛኛው ደፊ ካላቸው ሰዎች ነው። ቁጥሩ በዚህ ምክንያት ብቻ ያነሰበት ሰው ከሌላው ይበልጥ በኢንፌክሽን አይጠቃም። ሊቃውንቱ ምክንያቱን በጂን ያረጋገጡት በ2008 እና በ2009 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተማረ ሐኪም ላያውቀው ይችላል። ወረቀታችሁ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ካያችሁ ራሳችሁ «ደፊ ነው» ብላችሁ አትዝጉት፤ ሌላ ምክንያትም ሊኖር ይችላል፣ ሐኪሙ ይድገመው፣ ይመርምረው። ደፊ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ግን መብታችሁ ነው።

ደፊን ሌላም የሚፈልገው አለ፦ የቫይቫክስ ወባ። ተህዋሱ ወደ ቀይ ሴል የሚገባው በዋናነት ደፊን እንደ በር ይዞ ነው። በ1976 አሜሪካዊው ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ደፊ የሌላቸው ሰዎች በዚህ ወባ እንደማይያዙ አሳዩ፤ ምዕራብ አፍሪካ ቫይቫክስ የማይበዛበት ምክንያት ተገለጠ። በኢትዮጵያ ግን በሩ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ቫይቫክስ ከፋልሲፓረም ጎን ለጎን ይኖራል። ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ የሚያገረሸው እሱ ነው። «እንግዲያው በሩ የሌለኝ እኔ አልፈራም» የሚል እንዳይኖር፤ በ2010 በማዳጋስካር፣ ከዚያም በኢትዮጵያ ደፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ተይዘው ተገኝተዋል። ገዳዩ ፋልሲፓረም ደግሞ በዚህ በር ጨርሶ አይመጣም፤ የራሱ ሌላ መግቢያ አለው። አጎበሩ ይዘርጋ።

ኤችአይቪም እንዲሁ የኬሞካይን ተቀባይ በር ሰርቋል፤ ሲሲአር5 የሚባለውን። በ1996 ይህ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት በሩ ተበላሽቶ የተወለዱ ሰዎች፣ በተለይ በሰሜን አውሮፓ፣ በአብዛኛው ቫይረሱ እንደማይዛቸው ታየ። ቲሞቲ ሬይ ብራውን የተባለው አሜሪካዊ በ2007 በበርሊን ለደም ካንሰሩ እንዲህ ካለ ሰው መቅን ተወስዶለት ከኤችአይቪ ዳነ። በ2020 ያረፈው በዚያው ካንሰር አገርሽቶበት እንጂ በቫይረሱ አልነበረም። መቅን መቀየር ግን ሕይወት የሚያሳጣ ከባድ ሕክምና ስለሆነ ለማንም የሚመከር አይደለም። በየቀኑ የሚዋጠው መድኃኒት ሥራውን ይሠራል፤ እሱን አለማቋረጥ ነው።

እሾህ የወጋው ሰው ቤት ይሁን፣ ክሊኒክ ይሂድ? ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ማጠብ፣ እሾሁ ሙሉ መውጣቱን ማየት። አመድ፣ እበት፣ ጭቃ፣ ቤንዚን አይደረግበትም፤ ሴሎቹ ላይ ተጨማሪ ሥራ መጫን ነው። በቁስሉ ዙሪያ ትንሽ መቅላትና ማበጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይጠበቃል። መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መስመር ሆኖ ወደ ላይ ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ እሾሁ ውስጥ ቀርቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ፣ ወይም የተወጋው የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ ግን አንድ ሌሊት አያድርም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ካርዳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ክትባቱ ካለፈበት ይሰጣችኋል።

እናትየዋን ሄደን ይቅርታ ጠይቀናታል። «ኧረ መምህር፣ እርስዎ ምን አደረጉ! እኔ ነኝ እንጂ» አለችን። እኛ ግን ያንን «እሰይ» አልረሳነውም። ልጁ ድኗል። ትንሽ ያነክሳል፣ ኳሱን ግን አልተወም፤ ብሽሽቱ ላይ አሁንም አተር የምታህል ነገር ትነካካለች፣ እየቀነሰች ነው። ይህንን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት አንብበንለት ነበር። እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ «ቲቸር፣ ሁሉም ሴሎች ሽታውን ተከትለው ከሄዱ ሲያልቅ ማን ነው ተመለሱ የሚላቸው?» አለን።

ኒውትሮፊሎቹ አይመለሱም ማለት ይቀላል፤ ብዙዎቹ እዚያው ሞተው በማክሮፋጅ ይበላሉ። የበላው ማክሮፋጅም ጠባዩን ለውጦ ጥሪውን ያቆማል፣ ጥገናውን ያስጀምራል። ጥቂቶቹ ግን ወደ ደም ሥር ተመልሰው ሲገቡ በማይክሮስኮፕ ታይተዋል። ይህንን ስንነግረው ደስ አለው። ስለ ተመላሾቹ በሌላ እትም እንጽፋለን፤ የተርም ፈተናውም ገና ይጠብቀናል። እስከዚያው ቸር ይግጠመን።